ለያረጋል የተባለው ምስር

«ያንተ ይኼ ነው» አለች ዘሃራ።

የነቢያት ጾም ስለነበር ለቀሩት ለቀስተኞች ሽሮና ፉል ሲዞር፣ ለያረጋል ብቻ ክዳን ያለው ሳህን መጣለት። ከፈተው፤ ምስር። ትናንትም ምስር ነበር።

«ዘሃራ እህቴ፣ ገዛኸኝን ገና ትናንት መቅበራችን ነው። እኔንም በዚያው ልታስከትዪኝ ነው?»

«ብላ። የሟች ቃል ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የያዙት ሰዎች ሳይጥሉ ቀሩ። ድንኳኑ የተተከለው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ፣ በሟቹ በገዛኸኝ ደጃፍ፣ ራክሻ የሚሏቸው ሁለት ባጃጆች በማይተላለፉበት መንገድ ላይ ነው። ሱዳኖቹ ጎረቤቶች ወንበርና ውሃ ተሸክመው መጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ ብለው ተቀምጠዋል። ሁሉም ወደ ዘሃራ ዞረ።

ዘሃራ የወሎ ሴት ናት። ከገዛኸኝ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖር፣ በዐረብ ቤት ወጥ ስትሠራ ካርቱም ላይ ያረጀች። የተጎናጸፈችውን ቶብ ወደ ትከሻዋ መለሰችና ተናገረች።

«ሚስቱ የኔነሽ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ፣ እኔ ራስጌው ነበርኩ። ዓይኑን ገለጠና 'ምስር ለያረጋል' አለኝ። 'አደራ' አለኝ። ወላሂ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። እንግዲህ ምን ላድርግ? አደራ ነው፣ አበላዋለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ለቅሶ ቤት ነውና ሳቁ በአፍንጫ ወጣ፣ በትከሻ ወረደ። ያረጋል ምስር እንደማይበላ የማያውቅ ሐበሻ ካርቱም ውስጥ አልነበረም። ድንበሩን እንደተሻገረ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ፣ አሠሪው ጧት ማታ ምስር ብቻ እያበላው ከርሞ፣ ምስሩ ሆዱ ውስጥ በቅሎ በጆሮው ቅጠል እንዳወጣ፣ ቅጠሉንም ፍየል እየተከተለች እንደቀጠፈችለት ራሱ በመሐላ ተናግሯል።

«ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው ቀለድክብኝ አይደል?» አለ ያረጋል ወደ ቤቱ በር እያየ። ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከበርበሬው ነው የሚል ካለ፣ ዘሃራ በርበሬ አላበዛችም።

ሲያላምጥ ግን አንድ ነገር ጎረበጠው። ጠጠር አልነበረም። ሰው ነፍሱ ስትወጣ «አደራ» ብሎ ይቀልዳል? ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ዘሃራ ድስት ታጥባለች።

«ዘሃራ፣ በምን ቋንቋ ነው ያለሽ?»

«ምኑን?»

«ምስሩን።»

«በምን ይለኛል? እኛ መቼ አንዱን ቋንቋ ጨርሰን ተናግረን እናውቃለን! 'ዐደስ ለያረጋል' ነው ያለኝ። ዐደስ በለው፣ ዐደሳ በለው፣ እንዲያ ነገር፤ አፉ ተሳስሯል። ታዲያ ዐደስ በዐረብኛ ምስር አይደለም እንዴ? ዕድሜ ልኬን የቀቀልኩትን ልታስተምረኝ ነው?»

ዐደስ ምስር ነው። ዐደሳ ግን የካሜራ ሌንስ ነው። ገዛኸኝም ያንን ረጅም ሌንሱን በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ገዛኸኝ የብረት መቅረጫ ቤት ሠራተኛ ነበር። የውሃ ፓምፕ ዘንግ ይቀርጻል፣ የራክሻ ዕቃ ያድናል። አንድ ቀን ሌንስ ሊፈልግ ኦምዱርማን ገበያ ወርዶ፣ ከአሮጌ ቁሳቁስ መሐል፣ ክንድ የሚያህል የፊልም ዘመን ሌንስ አገኘ። ሌንሱ የሚገጠምበት ካሜራ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሻጩም የምን ቧንቧ እንደሆነ አላወቀም። ገዛኸኝ ደግሞ አዲስ የመጣውን ዓይነት ትንሽ ካሜራ ነበረው፣ ሆዱ ውስጥ መስታወት የሌለውን።

«አየህ ያረጋል» አለው። «የድሮው ካሜራ ሆዱን መስታወት ሞልቶታል፤ የወገኑን ሌንስ ካልሆነ አይቀበልም። ይኼኛው መስታወቱ ወጥቶለት ቦታ ተርፎታል። በተረፈው ቦታ ቀለበት ታስገባና የፈለግከውን ሌንስ ታጋባዋለህ። ባዶ ሆድ እንግዳ አይመርጥም።»

ቀለበቱን ራሱ ከአሉሚኒየም ቀረጸው። የመጀመሪያው ፀጉር ታህል ወፍሮ ሩቁ ሁሉ ጭጋግ ሆነ። ሌላው ላላ። በመጨረሻ አንዱ ልክ ገባ፤ ካሜራዋም በሬ ላይ እንዳለች መዥገር ከሌንሱ ጀርባ ተለጠፈች፣ ከዚያ ወዲያም ተላቃ አታውቅም። ዓርብ ሲደርስ በያረጋል ራክሻ ሆነው በነጭ አባይ ዳር ወዳለው፣ ሱንጥ ወደሚባለው የግራር ጫካ ወረዱ።

ያረጋል እስከዚያ ዕለት አባይን የሚያውቀው ድልድይ ላይ መሪ እንደያዘ፣ ተሳፋሪ እየተጨቃጨቀው ነው። ገዛኸኝ አሸዋ የሞላ ከረጢት መሬት ላይ አደረገ፣ ሌንሱን አጋደመበት፣ «ና እይ» አለው። ሌንሱ አሮጌ ነውና ራሱ አያጠራም፤ አንገቱን በጣት እያዞሩ ነው። ያረጋል አዞረ። ጭጋግ፣ ጭጋግ፣ አሁንም ጭጋግ፣ ከዚያ አንድ ሽመላ ፊቱ ዱብ አለ። በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ እንኳ ይታያል፤ በምንቃሩ ጫፍ የተንጠለጠለው የውሃ ጠብታ ይታያል።

«ጋሼ፣ አየኝ!» ብሎ ጎንበስ አለ።

ገዛኸኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽመላው ከወንዙ ማዶ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አብዱልወሃብ የሚባሉ ሱዳናዊ ጎረቤት፣ ለዓመታት ከሐበሻ ጋር ሲኖሩ በለቃቀሟት አማርኛ፣ ስለዚሁ ሌንስ አነሱ። «እኔ፣ አባይ ዳር ተወልዶ፣ አባይ ዳር ሸበተ። ወፍ ማ ሹፍት። ወፍ አላየም። ገዛኸኝ መጣ፣ የእኔን ወፍ ለእኔ አሳየ። አላህ ይርሐሞ።» ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለየኔነሽ ጎንበስ አሉ። እሷም አፀፋውን ጎንበስ አለች። ባሏ ለካ ሰው ሁሉ ዓይን ላይ የሆነ ነገር ትቶ ሄዷል።

ያረጋል ግን ከሁሉም የበለጠ የገዛኸኝ ውለታ ነበረበት። ካርቱም ውስጥ «ያረጋል እንዳለው» ማለት «ውሸት ነው» ማለት ነው። ውሸታም መባሉ አይከፋውም፣ እንጀራው ነው። የሚከፋው አልፎ አልፎ እውነት ይዞ ሲመጣ ነው። አንድ ጊዜ ሽመላ የራሱን አንገት የሚያህል አምባዛ ሲውጥ በዓይኑ በብሌኑ አይቶ፣ ሻይ ሻጯ ዘንድ ለራክሻ ነጂዎቹ ነገራቸው። «ራክሻህንስ አልዋጠውም?» ብለው ሳቁበት። ያን ዕለት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ገዛኸኝ ይህን ሰማ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓርብ እንደሆነ እንጃ፣ ፀሐይ አናቱን እያፈላችው፣ ሌንሱን ውሃው ላይ ደግኖ ተቀመጠ። ሌላ ወፍ ቢመጣም አላነሳም፤ ያረጋል «ይቅር ጋሼ፣ ለእኔ ብለህ አትጠበስ» ቢለውም አልሰማ። በመጨረሻ ያዘው፦ ሽመላው አንገቱ ተወጥሮ፣ የአምባዛው ጭራ ከምንቃሩ ወጥቶ ሲወራጭ። ፎቶውን አሳጥቦ ለሻይ ሻጯ ሰጣት፤ እሷም ከስኳሩ ቆርቆሮ በላይ ለጠፈችው። ነጂዎቹ አዩት፣ ቀረብ ብለው ደግመው አዩት። አንዱም ለያረጋል ሻይ አዘዘለት። «ጨዋ ሰው ለእውነቱ ምስክር ሲያጣ፣ እኔ ውሸታሙ አገኘሁ» እያለ ያረጋል ከዚያ ወዲህ ገዛኸኝን ባየ ቁጥር ጉልበቱን ይስም ነበር። ገዛኸኝ «ተው አንተ፣ ሱሪዬን በምራቅ ጨረስከው» ይለዋል።

አሁን ያ ዐደሳ ቤት ውስጥ ቁምሳጥን ላይ፣ ከነካሜራው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በሣልስቱ የሚወስደው ምንዳዬ ነው። ምንዳዬ ጀሪፍ ላይ ፎቶ ቤት ያለው፣ ሰርግ የሚያነሳ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው፤ የወፍ ጉዳይ ግን አያገባውም። «መስኮቴ ላይ ብሰቅለው ደንበኛ ይጠራልኛል» ብሏል። የኔነሽም «ውሰደው፣ ባየሁት ቁጥር ከምቃጠል» ብላዋለች።

ያረጋል ምን ይበል? «ጋሼ የተወልኝ ምስር ሳይሆን ሌንሱን ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ዕቃውን እንደሚወደው ያውቃሉ፤ አፉንም ያውቁታል፤ ያለችው አንዲት ምስክር ደግሞ «ምስር» ብላ በወላሂ ምላለች። የመበለት ዕቃ በለቅሶዋ ቀን በተረት ሊያወጣ ነው ይሉታል። ዝም ቢል ዐደሳው መስኮት ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ቢናገር ደግሞ የገዛኸኝ የመጨረሻ ቃል፣ የያረጋል ሌላ ውሸት ሆኖ ይቀራል። ይኼ ሁለተኛው ባሰበት። ሳህኑን ጎተተና ምስሩን ጨረሰ።

ሣልስት ዕለት ምንዳዬ መጣ። አለቀሰ፣ እህል ቀመሰ። የኔነሽ ጥቅሉን አውጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ያረጋል ሳያስበው ብድግ አለ።

«እትዬ የኔነሽ፣ አንድ የምነግርሽ…»

«ያረጋል ጀመረ!» አለ አንዱ ካርታ ተጫዋች። «አቦ ንገረን! ለቅሶ ከገባን አልዋሸህም፣ ታመመ ብለን ሰግተን ነበር።»

ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ጠበቀው። የኔነሽ እንኳ ከዚያ ሁሉ ልቅሶ በኋላ ቀና ብላ ጠበቀችው። እውነቱን ዋጠና ውሸቱን አወጣ።

«…ያ ከጋሼ ጋር ፖሊስ ያስቆመን ቀን እኮ ነው! ፖሊሱ ይኼን ቧንቧ ትከሻው ላይ ሲያይ መድፍ ነው ብሎ መሬት ተኛ። እኛም ፈርተን ተኛን። መንገደኛው ተኛ። የጋሪ አህያ ሳትቀር ተኛች። ካርቱም እስከ ዙህር ሶላት ተኝታ ዋለች። ኋላ ፖሊሱ ተነሳና 'አስ-ሱራ ወይን?' አለ፣ ፎቶው የታለ ማለቱ ነው። ጋሼ በድንጋጤ ሱሪ የተባለ መሰለውና…»

«ቀበቶውን ፈታ!» አለ ካርታ ተጫዋቹ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ገዛኸኝ ዐረብኛን ከፖሊሱ አስበልጦ እንደሚያውቅ ማንም አያጣውም። የኔነሽ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ እየሳቀች እያለቀሰች፣ «ሞት ይርሳህ ያረጋል!» አለች። «እሱ መቼ ተሳስቶ! በዐረብኛ የተሸወድኩትስ እኔ። ኦምዱርማን የሄደ ቀን 'ዐደሳ ይዤ እመጣለሁ' ብሎኝ ወጣ። እኔ ሞኟ ምስር ሊገዛ ነው ብዬ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ድስቴን ጥጄ ጠበቅኩት። መጣና ይኼን ቧንቧ መዘዘ። 'ምስሩስ?' ብለው፣ 'የምን ምስር፣ ይኸው ዐደሳ…'»

ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ዞረች።

«ዘሃራ። ገዛኸኝ ምስር ነው ያለሽ?»

ዘሃራ ትሪውን እንደያዘች ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን ለራሷ እየደገመችው ነበር። «ዐደስ… ዐደሳ… ያ ረቢ። 'ሳ' ነበረችበት። ወላሂ 'ሳ' ነበረችበት! ምስር ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

የኔነሽ ወደ ያረጋል አየች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«የጋሼ ቃል በእኔ አፍ ከወጣ ውሸት ይሆንበታል ብዬ።»

ማንም አልሳቀም። ምንዳዬ ተነሳ፣ ጥቅሉን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ ለያረጋል አስረከበው። «መስኮቴ ይቅርብኝ» አለ። «ከሙት ጋር አልጣላም።»

ዘሃራ ግን ትሪውን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። «የሟች አደራ አበላሸሁ። አላህ ሊጥለኝ ነው እኮ፣ በደንብ ባለመስማቴ ዐደሳው መስኮት ላይ ሊሰቀል ነበር።»

ያረጋል አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ማን አበላሸሽ አለሽ? እኔን ጠይቂኝ እንጂ። ጋሼ ሳይታመም በፊት ነግሮኛል። 'ያረጋል፣ ስሞት ዐደሳውን ትወስዳለህ፤ ዘሃራ ደግሞ ምስር ታበላሃለች። ምስሩን ሳትጨርስ በሌንሱ ብታይ ወፉ ሁሉ ዶሮ መስሎ ይታይሃል' ብሎኛል። ሁለቱንም ነው ያለው። አንቺ ከፍለሽ ሰማሽው እንጂ አልተሳሳትሽም።»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ውሸት እንደሆነ ያውቃል። ዘሃራም ታውቃለች። በቶቧ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «አሜን» አለች የኔነሽ።

ፀሐይ ሲበርድ ያረጋል ጥቅሉን ይዞ ወጣ። የኔነሽ እስከ ራክሻው ሸኘችው። ብዙ ሊላት አስቦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለ፤ ለማን እንደሆነ ራሱም አልለየው። ጥቅሉን ከኋላው ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጉድጓዱን እየሸሸ ቀስ ብሎ ነዳ።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው እጁን አንስቶ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለ፤ ከጥቅሉ በቀር የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

«ፋዲ?» አለ፣ ባዶ ነህ ወይ ማለቱ ነው።

«ሰው ይዣለሁ» አለ ያረጋል። አንድ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጥቅሉን ደገፍ አደረገውና አለፈ።