ሲጥ እስኪል

ካምቢዮው ወርዶ ከተሠራ ወዲህ ሚኒባሴ ያጉረመርማል። ከቡሬ ስነሣ ዝም ይላል፤ ወደ ማንኩሳ ፍጥነት ስጨምር ግን ከወለሉ ሥር «ኡኡኡ» ይጀምራል። ፍሪሲዮን ብረግጥ አይተወኝም፤ ማርሹን ባወጣም አይተወኝም። ከጎማው ጋር ይፈጥናል፣ ከጎማው ጋር ይረጋጋል። ተሳፋሪው ወሬውን ያወራል፤ እኔ ግን አራት ቀን እንቅልፍ የለኝም።

ባለቤቴ ኡምሀኒ መንታ አርግዛ ቀኗ ደርሷል። ሐኪሙ ምጥ ሳትጠብቅ ነገ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንድትገኝ አዝዟታል። በሌላ መኪና ሂጂ ብላት «ባሌ ሹፌር ሁኖ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ካምቢዮውን የሠሩልኝ ፍኖተ ሰላም ያሉት ጋሽ ዳኘው ናቸው። አባቴም ከእሳቸው ሌላ መካኒክ አያውቅም ነበር። የጋሽ ዳኘው ሚዛን ጆሯቸው ነው። ቡሎን ሲያጠብቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱ ሲጥ እስኪል ያዳምጣሉ፤ ሲጥ ካለ በኋላ አንዲት ጣት አይጨምሩም። ታዲያ ይኸው ጆሮ ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የነገራቸው ግን የለም። ይሉኝታ ይዞን ጮክ ብለን እናወራቸዋለን እንጂ።

ዛሬ ጠዋት ጋራዡን ሳይከፍቱ ደረስሁ።

«ጋሼ፣ ይጮሃል» አልኋቸው።

ራሳቸው እየነዱ ከከተማው ወጣ አልን። እኔን ጩኸቱ ጆሮዬን ሲበላኝ እሳቸው ፈገግ ይላሉ።

«ምኑ ነው የሚጮኸው? አንተ ኑዕማን፣ ሚስትህ ልትወልድ ስለሆነ ነው የምትባንነው!»

እንደ ልማዴ ዋጥሁት። ወዲያው ነገ ኡምሀኒ ከኋላዬ ሆዷን ይዛ ስትሄድ በዓይነ ሕሊናዬ ታየችኝና ነደደኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ አይሰሙም። ሁለት ዓመት ሆነዎ።»

መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። ከዚያ አዙረው ወደ ጋራዡ መለሱን። የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው፣ ግንድ ደግፈው፣ ረጅሙን ካቻቢቴ ይዘው ከሥር ገቡ።

«ሦስተኛ አስገባና ነዳጅ ስጥ!»

ሰጠሁ። ከመቀመጫዬ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። ወደ ኋላ ተንፏቀቀ፣ ተመለሰ፣ መሀል ላይ ቆመ። ሞተሩን አጠፋሁና ወረድሁ። ሲወጡ የካቻቢቴውን እጀታ በጥርሳቸው ነክሰውታል።

«ጫፉን ብረቱ ላይ ሲያስደግፉት በጥርስ ይሰማል» አሉ። «ካምቢዮው ደኅና ነው። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ የሚደግፈው የመሀሉ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮውን ሳወርድ ፈትቼው ነበር፤ የያዙት ሁለቱ ቡሎኖች ጥርሳቸው ተበልቷል። ከልክ በላይ ያጠበቅኋቸው እኔ ነኝ። ስመልሳቸው አጠገቤ ነበርህ?»

«ነበርሁ።»

«ሲጥ ብሎ ነበር?»

ፊቴ ጋለ። «ብሎ ነበር፤ ሁለቱም። እርስዎ ግን ቀጠሉ። ለመናገር አፈርሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጥርሱ ያልተበላ ሁለት ቡሎን ፈልገው መፍቻቸውን አነሡ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ እንኳ የደበቅሁት ከራሴ ነው፤ አንተ ከእኔ ደበቅህ።» ተመልሰው ገቡ። «እግሬን ያዝ። ሲጥ ሲል ጨብጠው።»

ተንበርክኬ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዝሁ። መፍቻው ዞረ፣ ዞረ። ትንፋሼን ዋጥሁ። ሲጥ አለ። ጨበጥሁ።

መፍቻው ቆመ።

«ሁለተኛውን» አሉ ከሥር ሆነው።