ቀዩ ክር

የሰፈሩ ሰው «ቆጣቢት» ይለኛል፤ ሲያሾፍብኝ ነው። ይበለኝ! ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእኔ ቤት ብጣሽ ጨርቅ አይጣልም፣ መወልወያ ይሆናል። ልብስ የታጠበበት ውሃ ለሽንት ቤት ይቀመጣል። ሰው የሌለበት ክፍል መብራት አይበራም፤ አብርቶ የወጣ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ። ባዶ ጠርሙስማ ጥዬ አላውቅም።

በረኪናም በጄሪካን እገዛና በባዶ የውሃ ጠርሙስ እየገለበጥኩ ኩሽና፣ ከመጠጥ ውሃው ጠርሙስ ጎን አስቀምጣለሁ። ታላቅ እህቴ ይህን ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

«አንቺ ሴት፣ አባዬ እኮ አያይም።»

«በጣቱ ያያል» አልኳት። «ነገር አታብዢብኝ።»

እውነቴን ነበር። አባቴ አናጺ ነበር፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። በረኪና ያለበት ጠርሙስ አንገት ላይ ወፍራም ቀይ ክር አስራለሁ። ውሃ ሲጠማው የጠርሙሱን አንገት ይዳስሳል፤ ክር ካገኘ ይተወዋል። በማሽተት እንዳይለይ፣ የአርባ ዓመት ቫርኒሽ አፍንጫውን ገድሎታል። እንግዲህ የአባቴን ነፍስ ለአንዲት ክር አደራ ሰጥቻት ነበር። ይባስ ብዬ እኮራባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ የሰባት ዓመቷ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ በርቷል።

«እማዬ፣ የአያዬ ምርኩዝ እጀታው ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ እንዳይገዛ ጠገንኩለት።»

«ጎበዝ የእኔ ልጅ» አልኳት። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። «በምን ጠገንሽው?»

«በክር። አዲሱን አላባከንኩም፣ ኩሽና ያለውን አሮጌውን ፈትቼ ነው።»

እግሬ የመኪናውን ፔዳል ለቀቀ። ቀና ስል ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ እጀታው ላይ ቀዩ ክር ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል። አባቴ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው፣ ምርኩዝ አይዝም።

«አያትሽ የት ነው?»

«ውሃ ጠማኝ ብሎ ኩሽና ገባ።»

«አባዬ!» እያልኩ ሮጥኩ። መስኮት የሌለው ኩሽና ጨለማ ነበር፤ መብራቱን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ማብሪያውን እስካገኝ ጠርሙሱ ወለል ላይ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ። ሳበራው አባቴ ጉሮሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

ሐኪሙ ነፍሱን አተረፈለት። ድምፁ ግን አልተመለሰም።

ጠርሙሶቹን አንድ ሳላስቀር ጣልኩ። የኩሽናው መብራት ዛሬ ቀን ከሌት ይበራል። ክሩን ከምርኩዙ ልፈታው ስሞክር አባቴ እጄን መታኝ። የልጅ ልጁ የሠራችለትን አያስነካም። ልጄን አልተቀየማትም።

እኔ ለምሰጠው ውሃ ግን ሌላ ሥርዓት አለው። ብርጭቆውን ስሰጠው ተቀብሎ ወደ እኔ አፍ ይገፋዋል። እጎነጫለሁ። ከዚያ የሻከሩ ጣቶቹን ጉሮሮዬ ላይ ያሳርፍና ይጠብቃል። መዋጤን ሲያረጋግጥ ነው የሚጠጣው።