የናሩሚ ጥሩምባ

ባሌ ታኬጂ እልኸኛ ነው። ይህን የማያውቅ የሺዮሚ ከተማ ሰው የለም። የቤዝቦል ክለባችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ሺራይ ግን የማያውቁ ይመስል በጥር ብርድ ምግብ ቤቴ ድረስ መጡና፣ ኑድል አዝዘው ገና ሳይቀምሱት፣ «ናሩሚን እንመልሰው ወይ?» ብለው ጠየቁት።

ታኬጂ መልስ ሳይሰጥ እኔ «እንዴታ!» ልል ምንም አልቀረኝም። ናሩሚን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከገጠር ሲመጣ ያበላሁት እኔ ነኝ። የቤዝቦል ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ኑድሉን ሳህን በሳህን ላይ ይጨርስና፣ «እትዬ ቺዬኮ፣ ትንሽ ጎመን ጣል ያድርጉበት» ይለኝ ነበር። አድጎ ኮከብ ሆነ። ከዚያ ሀብታሞቹ የቶኪዮ ክለብ ሰዎች ወሰዱብን። አሁን አርባ ሊሞላው ነው፤ ጉልበቱን ታመመና እነሱም አሰናበቱት። እዚሁ የጀመረውን እዚሁ ቢጨርሰው ምናለበት? እኔ የምፈልገው ይኼንን ብቻ ነበር።

አቶ ሺራይ ታኬጂን የጠየቁት በከንቱ አይደለም። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ መቺ የራሱ ዜማ አለው። ተራው ደርሶ ዱላውን ይዞ ሲቆም ከደጋፊው መሐል ጥሩምባ ይነፋል፣ ሕዝቡ ስሙን ይዘምራል። የደጋፊዎቹ መሪ ታኬጂ ነው፤ የናሩሚን ዜማ ያወጣውም እሱ። መክፈቻዋን ብቻውን ነው የሚነፋት። ሽቅብ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ስታዲየሙ ይናጋል። ናሩሚ ሲሄድ ዜማዋም ቀረች። ለሌላ ሰው አልተሰጠችም።

«ደጋፊው ዝም የሚለው ከሆነ ፕሬዚዳንቱ አይፈርሙም» አሉ አቶ ሺራይ። «እርስዎ ይነፉለታል?»

«አልነፋም። ከሃዲ ነው» አለ ታኬጂ።

ዓሣ ሻጩ ኢዋኦ ከጥግ ሆኖ፣ «ተው እንጂ ታኬጂ! ሲሄድ ያለቀስከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለው።

«የሚስቴ ሽንኩርት ነው ያስለቀሰኝ!»

«ስታዲየም ውስጥ የምን ሽንኩርት?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ታኬጂ ግን አልሳቀም። «ሽማግሌ ሰብስበን ጡረታ ቤት ልንከፍት ነው?» ብሎ ካፖርቱን አነሣና ወጣ። እኔ ቅጥል አልኩ። «ምን ዓይነቱን ድንጋይ ነው የሰጠኝ!» ብዬ ምጣዱን በጭልፋ መታሁት። አቶ ሺራይ ደንግጠው እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጡንና ሄዱ።

በማግስቱ ታኬጂ ምሳውን ረስቶ ስለወጣ ይዤለት ወደሚውልበት ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ከማዕበል መከላከያው ግንብ ጀርባ ጥሩምባ ሰማሁ። የናሩሚ ዜማ! ቆሜ አዳመጥኩ። ሽቅብ ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ፍስስ... አየር ብቻ። እንደገና ጀመረ። እንደገና ፍስስ።

ያኔ ገባኝ። የውድድሩ ዓመት እንዳለቀ የፊት ጥርሶቹ ተነቅለው ሰው ሠራሽ አስገብቷል፤ እሱ እየተነቃነቀ ነው አየሩን የሚያስመልጠው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ስላልነበረ ማንም ሲነፋ አልሰማውም። እኔም ሞኟ አብሬው እያደርኩ አልጠረጠርኩም።

«አንተ ሰውዬ፣ ከሃዲ ያልከው ጥርስህን ነው እንዴ?» አልኩት ግንቡን ዞሬ።

ጥሩምባውን ካፖርቱ ሥር ሊደብቅ ሞከረ፣ ከዚያ ተወው።

«ቺዬኮ፣ ያ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ያቺን ድምፅ ሳይሰማ ኖረ። ተመልሶ ሕዝብ ፊት ሲቆም ፍስስ ልበልበት? ከማዋርደው ጠልቶኛል ብሎ ቢያስብ ይሻላል።»

አንጀቴን በላው። ግን ዝም ብዬ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም፤ እጁን ይዤ እየጎተትኩ ቤት አስገባሁትና ናሩሚ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሳቀ።

«እትዬ፣ እኔ'ኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር» አለ ሳቁን ሲጨርስ። «እስቲ ጋሼን ያቅርቡልኝ።»

ታኬጂ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ስለያዘው እኔም ሰማሁ። «ጋሼ፣ እኔም እንደ ድሮው አልመታም፤ ጉልበቴ አልቋል። እርስዎ ብቻ ይንፏት። ሌላውን ለኔ ይተዉት።»

«ምኑን ነው የምተውልህ፣ አንተ ከርፋፋ?» አለው ታኬጂ። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ሰኞ ዕለት «እነፋለሁ» ብሎ አቶ ሺራይ ጋ የደወለው ራሱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱም ፈረሙ።

ሚያዝያ ላይ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ናሩሚ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ ቀኝ እግሩን ሳብ እያደረገ ወጣ። ሕዝቡ ፀጥ አለ፤ ሁሉም መክፈቻዋን እየጠበቀ ነው። ታኬጂ ተነሣ። ዜማዋ ወጣች፣ ወጣች... ፍስስ።

አንዱ ከኋላችን ሳቀ። ዞሬ ሳፈጥበት አንገቱን ደፋ።

ወርዋሪው ሊወረውር ሲዘጋጅ ናሩሚ እጁን ለዳኛው አንሥቶ ከመምቻው ቦታ ወጣ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና ቀስ እያለ ማሠር ጀመረ። ታኬጂ ገባው። እንደገና ነፋ። ፍስስ። ናሩሚ ሌላኛውን ጫማ ፈታ። አሁን ሕዝቡም ገባው፤ የሚስቅ ጠፋ።

ታኬጂ ጥርሱን አወለቀና መዳፌ ላይ አኖረው። «ያዢልኝ» አለኝና ጥሩምባውን ድዱ ላይ ተጭኖ ነፋ። ዜማዋ ቀጭን ነበረች፣ ጠማማ ነበረች፣ ግን እኔ ልሙት ጫፍ ደረሰች! ስታዲየሙ ተናጋ። ናሩሚ ክሩን ጥብቅ አድርጎ አሠረና ቀና አለ።

ከዚያማ ሦስቱንም ኳስ ሳተ። አንዷን እንኳ አልነካም፤ ሦስት የሳተ ደግሞ ተራውን ይለቃል። ሲመለስ ቆቡን አውልቆ ወደ እኛ እጅ ነሣ። ሕዝቡ ቆሞ ስሙን ይዘምራል፣ እኔ የባሌን ጥርስ ጨብጬ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ።

ታኬጂ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ሦስቱንም ሳተ'ኮ! ምን ዓይነቱን ሽማግሌ ነው ያመጣሽብን?»

«አንተስ ሁለቴ ስተህ የለ?»

ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ተራው እንደገና ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው ጥርሴን እዚያው ያዢልኝ።»