ሃርላንን የመረጡ ጭሰኞች

በአዲሲቱ የኢሊኖይ ግዛት ገዥ የሚመረጠው በምርጫ ዳኞች ፊት የተወዳዳሪውን ስም ጮክ ብሎ በመጥራት ነበር። የሚወዳደሩት ትሬድዌልና ሃርላን ናቸው። ባለመሬቱ ቦልተን፣ የትሬድዌል ደጋፊ፣ ዳኞቹ አጠገብ ቆሞ ጭሰኞቹን አንድ በአንድ ያያል። የጭሰኛው የኢኖስ ተራ ሲደርስ እናቱ ኬዚያ ክንዱን ያዘችው።

«ልጄ፣ በቆሎው ሳይሰበሰብ ያባርረናል!»

«እማዬ፣ ልቀቂኝ እንጂ።» ወደ ዳኞቹ ዞረና «ሃርላን!» አለ።

«ዛሬ የት ልታድር ነው፣ ጎበዝ?» አለው ቦልተን።

ለኬዚያ እሷና ልጇ መንገድ ላይ ሲወድቁ ታያት።

«እኔ ቤት ነዋ!» አሉ ከኋላ የቆሙ ሽማግሌ ጭሰኛ። «የእኔም ድምፅ ለሃርላን!»

ቀጣዩም ሃርላን አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ሁሉንም ቢያባርር ማን ያርስለታል? ቦልተን ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ሴት መምረጥ ባይፈቀድላትም፣ ኬዚያ «ሃርላን!» ስትል አደባባዩ ሳቀላት፤ አጨበጨበላትም።