ያልታዩት አሥራ አንድ ቤቶች

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለጥናቷ የጎደሏትን ጥቂት ፎቶዎች ልታነሳ ወደ ሰፈሩ የወረደችው ተማሪ በታችኛው መንገድ በሮች ላይ ቀይ ቀለም አየች። በየበሩ ትልቅ «ደ» ተጽፏል። አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። አሥራ አንድ ሲሞላ ካሜራዋን ዝቅ አደረገች።

የከተማ ፕላን ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዚያ ሴሚስተር መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ሰፈር ደልድለው፣ ቤት ለቤት እየገባችሁ ግድግዳውንና ጣሪያውን መርምሩ፣ ከዚያ «ጠንካራ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደካማ» እያላችሁ ካርታ ሥሩ ብለው ነበር። ለእሷ አርባ ሁለት ቤቶች ደረሷት። ሠላሳ አንዱን ገብታ አየች። የታችኛውን መንገድ ልትጀምር ስትል ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ጭቃው እግር ይውጣል፣ ካርታው ደግሞ በማግስቱ መግባት አለበት። ጥግ ላይ ተጠልላ የዛጉትን ቆርቆሮዎች አየችና አሥራ አንዱንም «ደካማ» ብላ ሞላች። የክፍል ሥራ ነው፣ ማንን ይጎዳል ብላ። ካርታው ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። መምህሩም ኮርተው ለከተማው የፕላን ቢሮ ሰጡት።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ፊትሽ አመድ መስሏል» አሏት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ከበራቸው ላይ ሆነው። እጇን ይዘው አስገቧት፣ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀምጠው ውሃ ሰጧት።

«ቀለሙ ምንድን ነው እማማ?» ብላ ጠየቀች፣ እያወቀች።

«ሐሙስ እናፈርሳለን አሉ። ነገ ስብሰባ ጠርተውናል፣ እሱም ለይስሙላ ነው። ባለሙያ አጥንቶታል ይላሉ። እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ስሰፋ ነው የምውለው። የትኛው ባለሙያ ነው የገባው? በሕልሜ ካልሆነ።»

የተማሪዋ ዓይን ግድግዳው ላይ ነበር። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ አንድም ስንጥቅ የለውም። ያረጀው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

«ባሌ ነው የሠራው» አሉ ሴትየዋ ዓይኗን ተከትለው። «እሱ ሄደ፣ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም።»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ ለውሃው ብቻ አመስግና ወጣች።

በቀጥታ ወደ መምህሩ ሄደች። ሰምተዋት ሲጨርሱ ተነሥተው የቢሯቸውን በር ዘጉ።

«ሐሰተኛ መረጃ ከትምህርት እንደሚያሳግድ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ሳላጣራ ፈርሜበታለሁ። አንቺ ዝም በይ። እኔ ‹ካርታው ማሻሻያ ያስፈልገዋል› ብዬ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የማንም ስም አይነሣም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

«ቤቱ እኮ ሐሙስ ነው የሚፈርሰው።»



ማታ ግንበኛው አባቷ ከእጁ ላይ ሲሚንቶ እያጠበ ታሪኩን ሰማ። «ግድግዳ ሲጣመምብኝ» አለ፣ «ሲሚንቶው ሳይዝ ካየሁት በእጄ አቃናዋለሁ። ከያዘ በኋላ ግን መዶሻ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለዚህ ነው።»

«ያባርሩኛል እኮ አባዬ።»

«ሊያባርሩሽ ይችላሉ» አለ። ሊያጽናናት አልሞከረም።

ረቡዕ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የቢሮው ኃላፊ ካርታዋን ግድግዳው ላይ አብርተው፣ ቤቶቹ በዩኒቨርሲቲ ተጠንተው ለኑሮ አስጊ መሆናቸው ተረጋግጧል አሉ። ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እሷ ወንበሩን ጨብጣ ተነሣች።

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እነዚያ አሥራ አንድ ቤቶች ውስጥ አልገባሁም። ዝናብ ስለነበር ከሩቅ አይቼ ነው የሞላሁት።»

 ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጅት፣ የምትናገሪውን ታውቂዋለሽ? በጽሑፍ ትፈርሚበታለሽ?»

«እፈርማለሁ።»

እዚያው ጻፈች፣ ፈረመች። ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ መተላለፊያው ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ትናንት ቤቴ ገብተሽ ውሃዬን ስትጠጪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታው ይደርሳል» አሉ። «መጀመሪያ ቤቴ ይቁምልኝ።» ከመተላለፊያው ገለል ብለውም አሳለፏት።

የሐሙሱ ማፍረስ ቀረ። አርብ ዕለት ሁለት መሐንዲሶች በየቤቱ እየገቡ አዩ። ስምንቱ ቤቶች፣ የልብስ ሰፊዋም ጭምር፣ እንዲቆሙ ተወሰነ። ሦስቱ ግን እውነትም ግድግዳቸው የለቀቀ ሆኖ ተገኘና ነዋሪዎቹ ሌላ ቤት እስኪሰጣቸው ባሉበት እንዲቆዩ ተደረገ። ለመምህሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። እሷ አንድ ዓመት ታገደች።

የእገዳ ደብዳቤዋን ተቀብላ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ አነበበችው። አለቀሰች። ከማክሰኞ ጀምሮ ዓይኗን የራቃት እንቅልፍ ግን መስኮቱን እንደተደገፈች ይዟት ሄደ፣ ስትነቃ መውረጃዋን ሦስት ፌርማታ አልፋው ነበር።