የሂርጳ ፎርማ

ሂርጳ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ከሰዓት የራሱን በር ዘግቶ የሰው በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር። ለቡ ውስጥ የብየዳ ቤት ነበረው። እሱ የተማሪ ዴስክ እግር ይበይዳል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጸደንያ እንጨቱን ትቆርጣለች፤ ሀና ማርያም ያለው ጋሽ ምትኩ ደግሞ ቀለም ቀብቶ ይገጣጥማል። ሦስቱ ድሮ ለየብቻቸው ሙሉ ዴስክ ለመሥራት ሲፍጨረጨሩ፣ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ሲሻማ የኖሩ ናቸው።

ያገናኛቸው ሂርጳ ነው፤ ያውም በአባቱ ወግ። አባቱ ያ ሰፈር ቤት ሳይሞላው በፊት እዚያው ያርሱ ነበር፤ ዛሬ የኔ ማሳ፣ ነገ ያንተ እየተባለ፣ በወንፈል። ሂርጳ ወንፈሉን ከማሳ አንስቶ ወርክሾፕ ውስጥ አስገባው። ቅዳሜ ሲደርስ ሁሉም ወደ ባለተራው ቤት ይሄዳል። ባለቤቱ ምሳ ያበላል፤ ከዚያ ሥራው የቱ ጋ እንዳስቸገረው ራሱ በአፉ ይናገርና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መላ መፈለጉ የእንግዶቹ ነው። የተገኘውም መላ የሦስቱም ቤት ይሆናል።

መጀመሪያ በሯን ያንኳኳ ዕለት ጸደንያ ሙያዋን ሊሰርቅ የመጣ መስሏት ፊት ለፊት ነግራው ነበር። እሱ ግን ሳቀ።

«ልክ ነሽ፣ ልሰርቅ ነው የመጣሁት። አንቺም ነገ ነይና ስረቂኝ» አላት።

ሄደች። የሦስቱ ቤት ሥራ እንዲገጥም ያደረገውን ፎርማ ያየችውም ያን ቀን ነው። ከወፍራም ብረት የተበየደ፣ ጠረጴዛ የሚያክል ማቀፊያ ነው። እግር የሚሆነው የብረት ቱቦ፣ ቱቦላሬው፣ ተቆርጦ እዚያ ውስጥ ይጋደምና ይበየዳል፤ የወጣው እግር ሁሉ አንድ ልክ ይሆናል። እሷ እንጨቷን የምትበሳው፣ ጋሽ ምትኩም የሚገጥመው በዚያው ልክ ነበር።

ሂርጳ ክረምቱ ሊገባ ሲል ድንገት ታሞ ሞተ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በለቅሶ አለፈ፤ የሚቀጥለው በሐዘን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በዝምታ። ብየዳውን አብሮት ይሠራ የነበረው ኮርሳ ቀጠለ፤ ቤቱን ባለቤቱ ቢፍቱ ያዘች። ወንፈል ያለ ግን አልነበረም።

ጸደንያ የእግሮቹ ቀዳዳ ከእንጨቷ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲላት የፎርማውን መጣመም ያወቀችው ያኔ ነው። ፎርማው እሳት ሲበዛበት አንዱ ማዕዘን ተከፍቷል። መንገዱን ተሻግሮ መናገር ነበር፤ ግን ጥቁር ለብሳ ለተቀመጠች ሴት የባልሽ እጅ ሥራ ተጣመመ ተብሎ እንዴት ይነገራል? ዝም ብላ ቀዳዳዋን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋ መብሳት ጀመረች።

ጀሞ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ብዙ ዴስክ አዝዞ ነበርና የመጀመሪያውን ጭነት ወሰዱ። ግዢውን የያዘው አቶ ሲራክ መዳፉን አንዱ ላይ ጭኖ ገፋ ሲያደርገው ዴስኩ ዘመመ። ሌላውን ሞከረ፤ እሱ ደግሞ በሌላ ጎኑ ዘመመ።

«እናንተ ሰዎች፣ ልጆቹ ፊደል ሊቆጥሩ ነው ወይስ ጀልባ ሊቀዝፉ?» አላቸው።

ትምህርት ሳይከፈት አስተካክለው ካላመጡ ትእዛዙን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራቸው። ቢፍቱ በመልሱ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ ይህ ሥራ ካመለጠ ቤቱን የሂርጳ ወንድም ለሲሚንቶ መጋዘን እንዲያከራየው ትተውለታለች። ጸደንያ ነገሩ የእሷም መሆኑን አሰበች። እግር የሚሠራ ቤት ከተዘጋ እንጨት የሚቆርጠውና የሚገጥመው ቤትም ወደ ድሮው ሽሚያ መመለሱ ነው።

ዓርብ ማታ ቢፍቱ ደወለች። «ነገ ወንፈል እኔ ጋ ነው» አለች።

ቅዳሜ ምሳ ተበላ። ከዚያ ቢፍቱ ተነሥታ፣ ሂርጳ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይል ነበር ሂርጳ። ፎርማው ተጣሟል» አለች። «ካየሁት ቆይቻለሁ። እናንተ እስክትነግሩኝ ስጠብቅ ነበር።»

መጀመሪያ የተናገረው ኮርሳ ነው፤ ቱቦላሬውን ሽብልቅ እየከተተ ወደ ውስጥ ሲገፋው ከርሟል፤ ግን ሲያስታውስ ብቻ። ጸደንያ ቀዳዳዋን ማሸሿን ተናገረች። ጋሽ ምትኩ አንገቱን አከከና አጠር ባለው እግር ሥር ወፈር ያለ ጎማ ሲያደርግ እንደነበር ተናዘዘ።

«እንግዲህ አንዱን በሽታ ሦስት ሐኪም በየጓዳው አከመው» አለ። «በሽተኛው መንገዳገዱ ይገርማል?»

ቢፍቱ ሳቀች። ሂርጳ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ ሲሰሟት የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ ብረት የሚቆርጠውን ግራይንደር አንሥታ ለጸደንያ ሰጠቻት። ጸደንያ ተቀበለች፤ ወደ ፎርማው ግን አልተራመደችም። የተከፈተው ማዕዘን ብረት ላይ የሂርጳ መዳፍ እየተመላለሰ ያለሰለሰው ቦታ ያብረቀርቃል።

«ሌላ ሰው ይቁረጠው እትዬ ቢፍቱ። እኔ አልችልም።»

«ጸዲዬ፣ ሂርጳን ቀብረነዋል» አለች ቢፍቱ። «ይሄ ብረት ነው።» ሄዳም በባለቤት ወግ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ጸደንያ ቆረጠች። ማዕዘኑ ሲለቅ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ለምን መልሰን እንበይደዋለን? በብሎን ይታሰር፤ እሳቱ ባጣመመው ቁጥር በማዕዘን መለኪያው፣ በስኳድራ፣ እየተለካ ይመለሳል። ኮርሳ ብሎን ይላላል ብሎ ተከራከራት። ጋሽ ምትኩ የብሎኑን ማጥበቂያ ዳዶ ሁለት ደርበህ እሰረው አለው። ሲከራከሩና ሲሞክሩ ዋሉ፤ ሂርጳ በነበረበት ጊዜ እንደሚያደርጉት ሁሉ ሲጮሁ። የለሰለሰውን ብረት ማንም አልጣለውም፤ በአዲሱ ማዕዘን እንደ እጀታ ተመልሶ ገባ።

አቶ ሲራክ አዲሶቹን አንድ በአንድ ገፋቸው። በመጨረሻ ራሱ አንዱ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ወዲያ ወዲህ አደረገ። ዴስኩ አልተነቃነቀም። «ቀሪውን መቼ ታመጣላችሁ?» ብቻ አለ። የሲሚንቶው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የጸደንያ ሆነ። ምሳ አበላች፤ ተነሥታም መጋዟ ረጅሙን ጣውላ መጨረሻው ላይ እንደሚሰነጥቅባት ተናገረች። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ጋሽ ምትኩ መጋዟን በግልባጩ ሲያይ፣ ኮርሳ ያላስፈለገ ብሎን ሲፈታ፣ ቢፍቱ ጣውላውን ከወዲያኛው ጫፍ ይዛ ስታዛቸው፣ ጸደንያን ተነሥታ ልትቀማቸው ሁለቴ ዳዳት። ሂርጳ ይህን ያህል ጊዜ እንደዚያ ረጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እንዴት እንደ ተቀመጠ ገረማት። ጣቶቿን ይበልጥ አጠላለፈችና ባለችበት ቀረች።