የመጠባበቂያው ቤንዚን

ቤንዚን በእሳት የሚያያዝ መሆኑ ለሰፊው የአዋሽ ሰባት ሕዝብ በድምፅ ማጉያ የተነገረው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ማስታወቂያው ሦስት ጊዜ ተደገመ። ይህንኑ በተግባር ለማሳየት በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአውራጃ የሚመጡ ጓድ ትምህርት ስለሚሰጡ ማንኛውም ነዋሪ ማደያው ግቢ እንዲገኝ፣ የሚቀር ግን ለሚደርስበት ሁሉ ራሱ ኃላፊ እንደሚሆን ተገለጸ።

ቢሰጥ ይህን የሰማው የነዳጅ ጉድጓዱ ክዳን ላይ ተቀምጦ ነው። የማደያው ቀጂ ነው። ከአራት ወር ወዲህ የሚቀዳ ነገር ስለጠፋ ሥራው መቀመጥ ሆኗል።

ከአራት ወር በፊት የነዳጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ደስታው የመጠባበቂያውን ቤንዚን በበርሜል አስጭኖ ወሰደው። «ለአገራዊ ግዳጅ ነው» አለ። ግዳጁ በሚሌ በኩል ሄደ፤ አልተመለሰም። በሳምንቱ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። ተቆጣጣሪ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ የመለኪያው ዘንግ ጉድጓድ ይገባል፣ ይወጣል፣ እስከ የት እንደራሰ ይታያል። ደስታው ከወንዙ የውሃ ቦቴ አስመጣ። ቢሰጥም በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየው፣ ጎማውን ይዞ የቤንዚኑን ጉድጓድ ውሃ ሞላው።

ከማደያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ወሎዬዋ ዘይቱና ብቻ ጠየቀች።

«ጋሽ ቢሰጥ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ጉድጓዱ እየታጠበ ነው።»

«ደግ አደረጋችሁ። ንጽሕና ከኢማን ነው» አለችና ብርጭቆዋን ማለቅለቅ ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ዘንጉ በየሰኞው ይገባል፣ ይወጣል። ቤንዚን ቢሆን ገና ጥላ ሳይደርስ በደረቀ ነበር፤ ይኼኛው ግን ተነብቦ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ተቆጣጣሪው «አልጎደለም» ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ከተማው በሙሉ «መጠባበቂያ አለን» ይላል።

ውሃው በተሞላ ማግስት ደስታው የክዳኑን ብቸኛ ቁልፍ በሲባጎ አስሮ ቢሰጥ አንገት ላይ አጠለቀለት። «እምነት ጥለንብሃል» አለው። ቢሰጥ ምን እንደተጣለበት ገብቶታል። ነገሩ የወጣ ዕለት ሌባው ቁልፉን የያዘው ነው። በሌላ ከተማ በኢኮኖሚ አሻጥር የተያዘ አንድ ቀጂ ነበረ፤ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» አሏት። ቢሰጥ ይህን ባሰበ ቁጥር መፍራት እንዳለበት ያውቃል። ፍርሃቱን ይፈልገዋል፤ ያጣዋል። የሚያገኘው ላቡን ብቻ ነው።

ሐሙስ ሕዝቡ በሰዓቱ ተገኘ። ከአውራጃ የመጣው ጓድ ተክለ ማርያም ድሮ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፤ ግራ ቅንድቡ እዚያው ሥራ ላይ ቀርቷል። ደስታው ለማሳያ የሚሆን አንድ ጀሪካን እውነተኛ ቤንዚን ከቤቱ አስመጥቶ ጥግ አስቀምጧል። ቢሰጥ ጀሪካኑን አየና ‘ዛሬንም ውዬ አድራለሁ’ አለ በሆዱ።

«ሞተር ሳይጠፋ አይቀዳም» አለ ተክለ ማርያም። «ሲጋራ አይጨስም። ጀሪካን መኪና ላይ እንዳለ አይሞላም፣ መሬት ይቀመጣል፤ ብልጭታ ካላሰባችሁበት ነው የሚመጣው። የሚነደው ፈሳሹ እንዳይመስላችሁ፣ ከላዩ የሚተነው ነው። ዓይን አያየውም፤ አፍንጫ ግን ያውቀዋል።»

ጥያቄ ተፈቀደ። ከሰርዶ መልስ ናፍጣ ሲጠብቅ ዘጠኝ ቀን የሆነው የጭነት መኪና ሾፌር ካሕሳይ እጁን አወጣ።

«ጓድ፣ በጎማ ሲስብ ቤንዚን የዋጠ ሰው ወተት ይጠጣ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ሐሰት ነው! ወተቱ ሊያስመልሰው ይችላል፤ ሲያስመልሰው ሳንባው ይገባል። ሐኪም ቤት ነው የሚወሰደው።»

«እኔ ሦስቴ ጠጥቻለሁ።»

«ወተቱን?»

«ሁለቱንም።»

ሕዝቡ ሳቀ። የደስታውን አለመሳቅ አየና አቆመ።

«ሬዲዮ ከተከፈተ ማደያ ይፈነዳል የሚሉትስ?» አለች ዘይቱና።

«ወሬ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እኛ ዜና በጀመረ ቁጥር ስንዘጋው ነው የኖርነው።»

«በማለዳ የተቀዳ ይበረክታል ይባላል» አለ ሌላ ሾፌር።

«ጉድጓዱ መሬት ውስጥ ነው፤ ማለዳና ቀትር አይለይም።»

ጉድጓድ ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ጫማውን አየ።

ተክለ ማርያም ጀሪካኑን በእግሩ ገፋ አደረገው። «በዚህ አይደለም። ሕዝቡ መጠባበቂያውን በዓይኑ ይይ። ከጉድጓዱ ቅዳ።»

«ጓድ፣ መጠባበቂያ እኮ አይነካም» አለ ደስታው።

«አንድ ሳፋ አያጎድለውም።»

ቢሰጥ ደስታውን አየ። ደስታው ሰማዩን አየ። ቢሰጥ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ክዳኑን ከፈተ፣ የእጅ ፓምፑን አስገባና እጀታውን አዞረ። ሳፋው ሞላ። ምንም አልሸተተም።

«አሥር ርምጃ ወደ ኋላ!»

ሕዝቡ አሥር ሄደ። ደስታው ሃያ ሄደ።

ተክለ ማርያም ክብሪት ጭሮ ወረወረ። ክብሪቷ ጭስስ ብላ ጠፋች። ሁለተኛ ወረወረ፤ ጭስስ። በሦስተኛው ጨርቅ አቀጣጥሎ ጣለ። ጨርቁ ሰመጠ።

«ነፋሱ ነው» አለ ደስታው ከሩቅ። ቅጠል አይንቀሳቀስም።

«ሙቀቱ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ክብሪትም ይደክማል» አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

«መጠባበቂያ እኮ ነው» አለ ካሕሳይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳይታዘዝ አይነድም።»

ተክለ ማርያም ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀና ሲል ደስታውን አየ፤ ከደስታው በስተኋላ የቆሙትን ሁለት የታጠቁ ሰዎችም አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዳያችሁት፣ ጥንቃቄ ካለ ቃጠሎን መከላከል ይቻላል።»

ተጨበጨበ። የማደያው ዘበኛ ሕዝቡ ፊት መሬቱን በዱላው አሰመረና «መስመሩን እንዳታልፉ! አደገኛ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላለፈም። ሳፋው መሐል ላይ ብቻውን ቀረ፤ ሕዝቡም እንዳይፈነዳበት ይጠብቀው ጀመር።

በዚህ መሐል ወደ ወንዝ የሚወርድ የፍየል መንጋ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ። አንዲት ቡላ ፍየል ሳፋው ድረስ ሄደች፣ አሸተተች፣ አነጠሰችና አፏን ነከረች።

«ከልክሏት! ቤንዚን ነው!» አለ ዘበኛው። የተንቀሳቀሰ የለም። ፍየሏ ስትውጥ ይሰማል። ሁለተኛዋ መጣች፣ ሦስተኛዋ።

ከኋላ የፍየሎቹ ባለቤት፣ የአፋር ሴት፣ የውሃ መቅጃ የቆዳ አቁማዳዋን አንጠልጥላ ደረሰች። ስለ መስመሩ የነገራት የለም፤ አለፈችው። በእፍኟ ጨለፈች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን ትንሽ አጨማደደች፣ ደግማ ጠጣች። ወደ ኋላ ዞራም ከአጥሩ ውጭ የቀሩትን ልጆቿን ጠራች።

«ሌ!»

ሌ በአፋርኛ ውሃ ነው። አዋሽ ላይ ይህን ቃል የማያውቅ የለም።

ልጆቹ ሲደርሱ ሳፋው ባዶ ነበር። ሴትየዋ መጀመሪያ ጓድ ተክለ ማርያምን አየች፣ ቀጥሎ ጓድ ደስታውን፤ በመጨረሻም ፓምፑ አጠገብ የቆመውን ቢሰጥን አይታ አቁማዳዋን ዘረጋችለት።

ቢሰጥ እጀታውን ይዞ ያዞር ጀመር።